የምሳው ፎርም የሚቆጥረው ማንን ነው?

የዚህ ምልልስ ሁለት ተናጋሪዎች የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው። ሶስና በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሮ ትሠራለች። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ወላጆችን የምሳ ፎርም የምታስሞላው እሷ ናት። ጋሽ ደምሴ አገር ቤት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ልጃቸው ዘንድ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላልሳሉ። የሚያነሷቸው ሕጎችና ቁጥሮች ግን እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሽ ደምሴ፦ ልጄ ቤት ሊገዛ እያሰበ ነው። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የየሰፈሩን ትምህርት ቤት ያገላብጣል። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስም ሥር አንድ መቶኛ ተጽፏል። ምንድን ነው ብለው «የድሃ ልጆች ብዛት» አለኝ። በምን አወቁ ስለው «በምሳ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንቺ እዚያው ነሽና እስቲ አስረጂኝ፤ ድህነት በምሳ የሚለካው እንዴት ነው?

ሶስና፦ ጋሼ፣ ያ ቁጥር ድህነትን አይለካም። ነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ የተፈቀደላቸውን ልጆች ነው የሚቆጥረው። እዚህ ሜሪላንድ «ፋርምስ» እንለዋለን። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው፤ ቤት ሻጮች ደግሞ ይብሳሉ።

ጋሽ ደምሴ፦ ነፃ ምሳ የሚበላው የድሃ ልጅ ካልሆነ የማን ልጅ ሊሆን ነው?

ሶስና፦ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ካልበለጠ ልጁ በነፃ ይበላል። ከዚያ በላይ ሆኖ እስከ 185 በመቶ ከሆነ በቅናሽ ይበላል፤ የቅናሹ ምሳ በሕግ ከ40 ሳንቲም አይበልጥም። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት መስመሩ በዓመት 31,200 ዶላር ነበር። የነፃው ጣሪያ 40,560፣ የቅናሹ ደግሞ 57,720 ዶላር። እንግዲህ ይታይዎ፤ 15 ሺህ ዶላር የሚያገኘውና 57 ሺህ የሚያገኘው ቤተሰብ በአንዱ መቶኛ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ ይሄማ የመስመሩን እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ሰው ሁሉ መጨመር ነው።

ሶስና፦ አዎ። በ2015 ሳውዘርን ኤዱኬሽን ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት፣ በ2012–13 ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች 51 በመቶው ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ እንደነበሩ አስታወቀ። ድርጅቱ ዝቅተኛ ገቢ ነው ያለው፤ ዜናው ሲዞር ግን የአሜሪካ ተማሪ ከግማሽ በላይ ድሃ ሆነ ተባለ። በዚያው ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በይፋ ድሃ የሚላቸው ልጆች ከአምስቱ አንድ ገደማ ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ፦ የድህነት መስመር የምትይውንስ ማን አሰመረው?

ሶስና፦ ሞሊ ኦርሻንስኪ የምትባል የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። አንድ ቤተሰብ በቁጠባ ለመመገብ የሚያወጣውን ገንዘብ ወሰደችና በሦስት አባዛችው። በ1955 በተደረገ ጥናት ቤተሰቦች ከገቢያቸው አንድ ሦስተኛውን ለምግብ ያውሉ ነበርና ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ የዋጋ ንረትን እየተከተለ ከፍ ይላል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ ዛሬማ ደሞዙን የሚበላው የቤት ኪራይ ነው! ልጄ ከምግቡ ይልቅ ለኪራዩ ስንት እጥፍ እንደሚከፍል እኔ አውቃለሁ። ለመሆኑ ሲልቨር ስፕሪንግና ሚሲሲፒ ገጠር ያለ ሰው በአንድ መስመር ነው የሚለካው?

ሶስና፦ በአንድ መስመር ነው። የተለየ መስመር ያላቸው አላስካና ሃዋይ ብቻ ናቸው። ሚሲሲፒ ላይ 58 ሺህ ዶላር የያዘ የአራት ሰው ቤተሰብ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ በዚያው ገንዘብ ሁለት ልጅ ይዞ አንድ መኝታ ቤት የሚከራይ አለ። በዚያው በ2024–25 ጣሪያ ፎርሙ ሁለቱንም «ብቁ አይደላችሁም» ይላቸው ነበር።

ጋሽ ደምሴ፦ እንግዲያው ምን ያደርግላችኋል? እኔ ተማሪ ሳስተምር እንዲህ ያለ መለኪያ ይዞ የመጣ ቢኖር ወረቀቱን እመልስለት ነበር።

ሶስና፦ መለኪያ ይሆናል ተብሎ አልተሠራማ። የምሳውን ሕግ ትሩማን የፈረሙት በ1946 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለውትድርና ከተጠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው በደንብ ባለመመገባቸው ብቁ ሳይሆኑ ቀሩ ተብሎ ነበር። ገበሬውም የተረፈውን ምርት የሚገዛለት ይፈልግ ነበር። ብቁ የሚሆነው ማን እንደሆነ የሚወስን አንድ አገራዊ የገቢ ደንብ የመጣው በ1970 ነው። በመካከሉ በ1965 «ታይትል ዋን» የሚባለው የትምህርት ድጎማ ወጣ፤ ገንዘቡ ድሃ ልጆች ወደሚበዙበት ይሂድ ተባለ። የሕዝብ ቆጠራው በአንድ አካባቢ ስንት ድሃ እንዳለ ይናገራል፤ ከመንገድ ወዲህና ወዲያ ካሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች የትኛው እንደሚብስ ግን አይናገርም። በየትምህርት ቤቱ፣ በየዓመቱ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ስም የተያዘ መዝገብ ያለው ካፊቴሪያው ብቻ ሆነ። የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት ዲስትሪክቶች በዚያ መዝገብ እየተመሩ ገንዘብ ማከፋፈል ጀመሩ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ የፈተና ውጤት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች ተለይቶ ይውጣ ሲባል፣ አሁንም የተያዘው እሱ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ በእጅ የተገኘው እሱ ስለሆነ ነዋ።

ሶስና፦ በቃ እሱ ነው። ፎርሙን ከእኔ ወንበር ቢያዩት ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። አንዱ ወላጅ በፓርኪንግ ሥራ ተቀጥሮ ደሞዝ ይቀበላል፤ ፎርሙ ላይ የሚጽፈው ግብርም ኢንሹራንስም ሳይቆረጥ በፊት ያለውን ነው። ሌላው ኡበር ይነዳል፤ እሱ የግል ሠራተኛ ነውና የመኪናውን ወጪ ቀንሶ የተጣራውን ይጽፋል። ማታ ቤታቸው ይዘውት የሚገቡት ገንዘብ እኩል ሆኖ የአንዱ ልጅ ሊያልፍ፣ የሌላው ሊቀር ይችላል።

ጋሽ ደምሴ፦ አገር ቤት የሚላከውስ? ልጄ ለአክስቶቹ በየወሩ ይልካል።

ሶስና፦ አይቀነስም። ለእናት መድኃኒት 300 ዶላር የላከ ሰውና ምንም ያልላከ ሰው በፎርሙ ፊት እኩል ናቸው። ይልቅ እርስዎን ልጠይቅዎ፦ ልጅዎ ፎርሙን ሲሞላ የቤተሰቡን ቁጥር ስንት ብሎ ጻፈ?

ጋሽ ደምሴ፦ አራት። እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ልጆች።

ሶስና፦ እርስዎስ? በአንድ ቤት እየኖረ አብሮ የሚበላ ወጪም የሚጋራ ሰው ሁሉ ይቆጠራል። እርስዎ ሲጨመሩ አምስት ነው፤ በ2024–25 ልክ የቅናሹ ጣሪያም ከ57,720 ወደ 67,673 ዶላር ይወጣ ነበር። የእርስዎ ገቢ ካለ እሱም ይደመራል እርግጥ ነው። አያትን መዝገቡ ላይ የሚረሳው የእኛ ሰው ስንት መሰለዎ! አያት እንግዳ ይመስለዋል መሰለኝ።

ጋሽ ደምሴ፦ እኔ አንድ ሰው አልሆንኩም ማለት ነዋ! ለዛሬ ይቅርታ አድርጌለታለሁ። ደፍሮ ውሸት የሚጽፍስ የለም?

ሶስና፦ ይኖራል። ዲስትሪክቱ በየዓመቱ ከማመልከቻዎቹ 3 በመቶ ያህሉን መርጦ ማስረጃ አምጡ ይላል፤ በተለይ ገቢያቸው ከጣሪያው ሥር የተጠጋውን። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን በሌላ በኩል ያለው ነው። ደብዳቤው ደርሶት መልስ ያልሰጠ ቤተሰብ ይሰረዛል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ አባት ሁለት ፈረቃ ይሠራል፤ ቤት ቀይረዋል። የተሰረዘው ልጅ ከበፊቱ አልበለጸገም፤ ከቁጥሩ ግን ወጥቷል።

ጋሽ ደምሴ፦ ጨርሶ የማይሞሉም አሉ በያ።

ሶስና፦ ብዙ ናቸው። ፎርሙ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥር የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ቁጥሩ የሌለው ሰው «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» የሚልም አለ፤ የትምህርት ቤት ምሳ ግን በኢሚግሬሽን ሕግ «የመንግሥት ሸክም» ከሚያሰኙት ውስጥ አይገባም። ደግሞ ሃይስኩል ሲደርሱ ልጆቹ ራሳቸው ያፍራሉ፤ ፎርሙን ለእናታቸው አያደርሱም። የአንዱ ቤተሰብ ትንሽ ልጅ ታች ክፍል ተመዝግቦ ወንድሙ ሃይስኩል ሳይመዘገብ ሲቀር አይቻለሁ። የሃይስኩሉ መቶኛ ዝቅ የሚለው ቤተሰቦቹ ሀብታም ስለሆኑ እንዳይመስልዎ።

ጋሽ ደምሴ፦ ነገርሽ ሁሉ የእኔን ሐሳብ ያጠነክራል። ላይ ያለውን ይደባልቃል፣ ታች ያለውን ይስታል፣ ኪራዩን አያውቅም። የግብር መሥሪያ ቤቱ የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ይዞ እያለ ካፊቴሪያ ምን አስኬዳቸው?

ሶስና፦ እሱንማ ሞክረውታል። ተርስተን ዶሚናና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት የኦሪገንን ተማሪዎችና የአንድ የካሊፎርኒያ ዲስትሪክት ተማሪዎችን መዝገብ ከግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር አገናኙት። መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ እንዳሉት ነው፤ የምሳው ምልክት የቤተሰቡን ትክክለኛ ገቢ በደንብ አያሳይም።

ጋሽ ደምሴ፦ አላልኩሽም!

ሶስና፦ ቀጥሎ ያለውን ይስሙ እንጂ። የተማሪውን ውጤት ሲያዩ የምሳው ምልክት የግብሩ ገቢ የማይነግራቸውን ነገር ነገራቸው። ገቢያቸው በግብሩ መዝገብ ተመሳሳይ ከሆነ ልጆች ውስጥ እንኳ የምሳ ምልክት ያለበት ልጅ በትምህርቱ የበለጠ ተቸግሮ ተገኘ።

ጋሽ ደምሴ፦ ይሄ እንዴት ይሆናል? ደካማው መለኪያ ከጠንካራው በምን በለጠ?

ሶስና፦ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የግብር ወረቀት ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ገቢ ነው የሚያሳየው። የምሳው መዝገብ ውስጥ ግን ማን አለ? ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚቀበል፣ ቤት አጥቶ መጠለያ የገባ፣ በአሳዳጊ እጅ ያለ ልጅ፤ እነዚህ ያለ ፎርም በቀጥታ ይገባሉ። አባቱ በጥቅምት ከሥራ የወጣበትም አለ። ችግር ከገንዘብ ሌላ ብዙ ነገር ነው፤ ፎርሙ ሳያስበው ከዚያ ጥቂቱን ይይዛል።

ጋሽ ደምሴ፦ መልካም፣ አንድ ነጥብ አስቆጠርሽ። እኔም ፍትሐዊ ልሁን። ጨርቅ በክንድ ሲለካ የነጋዴው ክንድ አጭር ቢሆን እንኳ ሁሉም በዚያው ክንድ ከተለካ እርስ በርሱ ይነጻጸራል። ዋናው ክንዱ እንዳይለዋወጥ ነው።

ሶስና፦ እንግዲህ የተለወጠው እሱ ነው። በ2010 የወጣው ሕግ፣ ድሃ የሚበዛበት ትምህርት ቤት ፎርም መሰብሰቡን ትቶ ሁሉንም ልጅ በነፃ እንዲያበላ ፈቀደ፤ በ2014 በመላ አገሪቱ ተጀመረ። መግቢያው፣ ያለ ፎርም በቀጥታ የተመዘገቡት ልጆች 40 በመቶ ሲሞሉ ነበር፤ በ2023 ወደ 25 በመቶ አወረዱት። ፎርም ስለሌለ መንግሥት የሚከፍለው በስሌት ነው፦ በቀጥታ የተመዘገቡትን በ1.6 ያባዛል።

ጋሽ ደምሴ፦ 1.6 ከየት መጣ?

ሶስና፦ በቀጥታ ለሚመዘገቡ አሥር ልጆች በፎርም ሊገቡ የሚችሉ ስድስት ያህል ሌሎች አሉ ከሚል ግምት።

ጋሽ ደምሴ፦ ቆይ ላስላው። አንድ ትምህርት ቤት 40 በመቶ ካለው በ1.6 ሲባዛ 64 ነው። የሚበላው ግን ሁሉም ነው፤ መቶ። ስለዚህ የዚያን ትምህርት ቤት «ድህነት» አንዱ 40፣ ሌላው 64፣ ሦስተኛው 100 ብሎ ሊጽፈው ነው?

ሶስና፦ ይጽፉታል! አንዱ ስቴት በዚህ፣ ሌላው በዚያ። ልጅዎ ኮምፒውተሩ ላይ 100 የተጻፈበት ትምህርት ቤት ካየ ሁሉም ልጅ ድሃ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ ከ2020 ጸደይ እስከ 2022 ሰኔ አገሩ በሙሉ ያለ ፎርም በላ። ሲያበቃ ካሊፎርኒያና ሜይን በራሳቸው ገንዘብ ቀጠሉበት፤ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቨርሞንት፣ ማሳቹሴትስና ሚሺጋን ተከተሉ።

ጋሽ ደምሴ፦ ልጁ መብላቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ያ አጭርም ቢሆን የነበረው ክንድ ተቆረጠ። እኔ ብሆን ፎርሙን እመልሰው ነበር፤ የተራበውን ሳታውቂ እንዴት ትረጂዋለሽ?

ሶስና፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ልጅ የሚበላው እንድንቆጥረው አይደለም። ምሳና ፎርም ተጣምረው በነበሩበት ጊዜ የምሳ ዕዳ ያለበትን ልጅ ትሪ ነጥቀው የሚጥሉ፣ እጁ ላይ ማኅተም የሚመቱ ካፊቴሪያዎች ነበሩ። ኒው ሜክሲኮ በ2017 በሕግ የከለከለችው ወዳ አይደለም። ፊላንዶ ካስቲልን ያስታውሳሉ? በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፖሊስ የገደለው። ሥራው በሴንት ፖል የትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ኃላፊነት ነበር፤ የምሳ ገንዘብ ያነሳቸውን ልጆች ከኪሱ ይከፍልላቸው ነበር። ሚኒሶታ ለሁሉም ልጅ ነፃ ምግብ የሚል ሕግ ያወጣችው በ2023 ነው። እኛስ አገር ቤት ከ2019 ወዲህ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለታችኛው ክፍል ልጆች ቁርስና ምሳ ሲያበሉ የአባትህ ደሞዝ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ?

ጋሽ ደምሴ፦ አይጠይቁም። እህቴ እዚያው ናት፣ የልጅ ልጇ ይበላል። እሺ፣ መብሉን ከቆጠራው ለዩት። ቆጠራው ግን በምን ይሁን?

ሶስና፦ ብዙ ስቴቶች ወደ ቀጥታ ምዝገባው እየሄዱ ነው፤ ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ያለውን ልጅ ከመንግሥት መዝገብ አውጥቶ መቁጠር። ንጹሕ ነው፣ ወላጅን አያስቸግርም። ማሳቹሴትስ በ2015 ወደዚህ ስትዞር ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ድህነት ስለቀነሰ ሳይሆን መዝገቡ ያላገኛቸው ልጆች ስለወጡ ነው። በኋላ መልሳ አስተካከለችው።

ጋሽ ደምሴ፦ መዝገቡ የሚያጣቸው እነማን ናቸው?

ሶስና፦ እኛ ነን። ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት ሳይሞላው ፉድ ስታምፕ አያገኝም፤ ልጁ ቢፈቀድለትም አባት ፈርቶ አያመለክትም። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡትን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ከፉድ ስታምፕ አስወጣቸው። እዚህ የተወለደ ልጅ የሌለው እንዲህ ያለ ቤተሰብ፣ ትናንት በቀጥታ የተቆጠረው ልጁ ነገ ላይቆጠር ይችላል። ቤቱ ያው፣ ጓዳው ያው፤ ትምህርት ቤቱ ግን በወረቀት ሲታይ የተሻለ ኑሮ ያለው ይመስላል፣ ድጎማውም ይቀንሳል።

ጋሽ ደምሴ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሒሳብ ሰው ነኝና። ይሄ ሁሉ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው። ዘንድሮ የተቸገረና ከተወለደ ጀምሮ የተቸገረ ልጅ አንድ ናቸው?

ሶስና፦ የሚገርመው፣ በጥናት የታየው ይኸው ነው። ካትሪን ሚሼልሞርና ሱዛን ዳይናርስኪ የሚሺጋንን ተማሪዎች ተከታተሉ። ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ግማሽ ያህሉ በዚያ ዓመት ለምሳው ብቁ ነበሩ። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በየዓመቱ ብቁ የነበሩት ግን 14 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ ልጆችና አንድም ዓመት ብቁ ያልነበሩት ሲነጻጸሩ፣ የውጤቱ ልዩነት በተለመደው ቆጠራ ከሚታየው በሲሶ ያህል ይሰፋል። መረጃው ድሮም መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ ዓመቶቹን የደመረ ሰው ነው የጠፋው።

ጋሽ ደምሴ፦ እንግዲያው ፍርዴን ልስጥ። መቶኛዋን ብቻ አይቶ ሰፈር የሚመርጥ ሰው፣ ልጄም ቢሆን፣ ምንም አላየም። ዓመታቱን የሚቆጥር፣ የኪራዩን ልክ የሚያውቅ፣ ከትሪው የተለየ ቆጠራ ያስፈልጋችኋል። እስከዚያ ድረስ ግን ያለው ይኸው ወረቀት ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ለወላጆች ምን ልበልልሽ?

ሶስና፦ እንዲህ ይበሉልኝ። ፎርም ሲመጣላችሁ «ምሳው ነፃ ሆኗል፣ ምን አስሞላኝ» አትበሉ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምሳው ለሁሉም ነፃ ሆኖ እንኳ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ተጨማሪ ገንዘብ በሚሞላው የገቢ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። አብሯችሁ የሚኖረውን አያት ጻፉ። ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ፣ ባይገባችሁም ይዛችሁት ወደ ቢሮ ኑ። የፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ያዘጋጀው ናሙና ማመልከቻ በአማርኛም አለ። ደግሞ ጊዜው አለፈን አትበሉ፤ ሥራ የለቀቀ ወይም ገቢው የወረደበት ሰው በዓመቱ መካከል በማንኛውም ቀን ማመልከት ይችላል፤ አንዴ ከተፈቀደለት በኋላ ገቢው ቢሻሻል እንኳ እስከ ትምህርት ዘመኑ ማብቂያ አይነሣበትም።